የእኛዋ አሌክሳ

አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ኤኮ የሚባል፣ ጣሳ የሚያህል ድምፅ ማጉያ ለገበያ ሲያቀርብ ዓለም ጉድ አለ። ሰው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «አሌክሳ» ብሎ ይጣራል፤ ዕቃዋ ትነቃና መብራት ታጠፋለች፣ ዘፈን ትከፍታለች፣ ሰዓት ትናገራለች፣ ነገ ይዘንብ አይዘንብ እንደሆነ ትነግረዋለች። ጉግልና አፕልም ብዙ ሳይቆዩ የየራሳቸውን ይዘው ተከተሉ። እኛ ግን አልደነገጥንም፤ የምንደነግጥበትም ምክንያት አልነበረም። ከመቀመጫ ሳይነሡ በድምፅ ብቻ ቤት ማስተዳደር በአዲስ አበባም ሆነ በአምቦ፣ ሠራተኛ መቅጠር በሚችል ቤት ሁሉ ሲሠራበት የኖረ ጥበብ ነው። ፈረንጅ ስንት መሐንዲስ አሰልፎ የደረሰበትን እኛ ለአንድ ደላላ ደውለን እናገኘዋለን። እንዲያውም የእኛዋ ከእነሱዋ ትበልጣለች፤ ይህን በማስረጃ ማሳየት ይቻላል።

ከቋንቋ እንጀምር። አሌክሳ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ሂንዲ፣ ዐረብኛና ሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ትሰማለች፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ግን አይገቧትም። ጉግል በ2009 ዓ.ም. አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጎራ አስገብቶታል፤ አፋን ኦሮሞ የትርጉም አገልግሎቱን የተቀላቀለው ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በሻንጣ ያመጣለትን ዕቃ ሳሎኑ ያስቀመጠ ሰው፣ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ለመስማት የጥላሁንን ስም እንደ አሜሪካዊ አጣምሞ መጥራት ይጠበቅበታል። የእኛዋ ከምዕራብ ሸዋ ስትመጣ አፋን ኦሮሞዋን ይዛ ትመጣለች፤ አማርኛውን ጓዳ ውስጥ በጥቂት ወር ትለቅመዋለች። የምትሰደብበትን ቃል ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ ታውቀዋለች። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ማንም ሳንቲም አላወጣም።

መብራት ሲጠፋ አሌክሳ ከጣሳ አትሻልም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ያው ናት፤ አእምሮዋ ያለው ሳሎን ሳይሆን ባሕር ማዶ በተደረደረ ኮምፒውተር ውስጥ ነውና። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በቨርጂኒያ የሚገኙት የአማዞን የመረጃ ማዕከላት ሲታወኩ፣ አሌክሳ በብዙ ቤት ተጠርታ አቤት ሳትል ቀርታለች። እኛ ዘንድ ደግሞ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። የእኛዋ በዚያ ሰሞንም ሻማ ለኩሳ፣ ከሰል አቀጣጥላ፣ በጀሪካን ውሃ ቀድታ ሥራዋን ቀጥላለች። «ኔትወርክ የለም» ብላ አታውቅም። ሌሊት በአሥር ሰዓት በር ሲንኳኳ የምትከፍተው እሷ ናት፤ ንጋት ላይ ቀድማ የምትነሣውም እሷው።

አጠቃቀሟን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የማታ ዜና ሰዓት ነው። አባወራው ሶፋው ላይ፣ ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። እጅ መዘርጋት ግን ከክብር ያጎድላል፤ ስለዚህ ይጣራል። አንዴ ይጣራል፣ ሁለቴ ይጣራል። ጓዳ ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረች ልጅ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከች ትላለች። ሪሞቱን ከጉልበቱ አጠገብ አንሥታ፣ ሽንኩርት ያስለቀሰው ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ፣ በሁለት እጇ ታቀብለዋለች። እሱም ሪሞቱን ከእጇ ሳይቀበል «ድምፁን ጨምሪው» ይላታል። ወደ ጓዳ ስትመለስ ዘይቱ አሯል፤ ለዚህም ተጠያቂዋ ራሷ ናት። የአሜሪካው ዕቃ እዚህ ደረጃ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል።

በፈረንጅ አገር ይህ የማዘዝ ልማድ ሰውን አሳስቦታል። ልጆቻችን ዕቃ እያዘዙ ባለጌ ሆኑብን የሚሉ ወላጆች ስለበዙ፣ አማዞን በ2010 ዓ.ም. «እባክሽ» ብሎ ለጠየቀ ልጅ አሌክሳ ምስጋና እንድትመልስ አደረገ። ዩኔስኮም በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ ታዛዥ ማሽኖችን በሴት ድምፅ ማናገር ሴት የተፈጠረችው ለመታዘዝ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያጠነክራል ሲል አስጠነቀቀ። ፈረንጅ ሲፈጥረው ድንጉጥ ነው፤ ለፕላስቲክ ክብር እንቅልፍ ያጣል። እኛ ዘንድ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷን ወጣት «አንቺ፣ ጫማዬን አምጪ» ሲላት ሳሎኑ በሳቅ ይሞላል፤ አንደበቱ ተፈታ ተብሎ ይሳማል። ስሟንም ቢሆን ለአፍ አይመችም ብላ እመቤቲቱ ገና በገባችበት ቀን ልትለውጠው ትችላለች። አሌክሳን ያመረቱ ሰዎች ለባለቤቷ የፈቀዱት የመጠሪያ ስም ጥቂት ነው፤ እኛ ግን በዚህ ረገድ ነፃነታችን ሙሉ ነው።

ዕቃዋ ከየት ትመጣለች ላለ፣ አንዱ መንገድ አዲስ ዓለምን ያቋርጣል። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው፣ ቤተ መንግሥት አስጀምረው፣ መንገድም አስጠርገው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አተረፋት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መንገዱ ግን አልባከነም። መናገሻዋ ወደ አዲስ ዓለም ሳትሄድ ብትቀር፣ የአዲስ ዓለም፣ የጊንጪና የአምቦ ዙሪያ ልጆች በሆለታ በኩል ወደ መናገሻዋ ይሄዱበታል። ከእነሱ መካከል ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ቅያሪ ልብሷን በፌስታል የያዘች፣ የደላላ ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት የጻፈች ልጅ አትጠፋም። ሥራ የምትጀምረው በደረሰችበት ዕለት ነው። መመሪያ መጽሐፍ አብሯት ባይመጣም ዋስትና ግን አላት፤ ካልተስማማች ደላላው በሌላ ይቀይራል። ዋስትናው ለገዢው ብቻ ነው፤ ልጅቱ ቤቱ ባይስማማት ቤት የሚቀይርላት የለም።

ሕጉም ይህን ጥበብ እንዳያደናቅፍ ተጠንቅቋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ዳሩ ግን በአንቀጽ 3 ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከዚህ ሁሉ ውጭ አድርጎ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣለትን ደንብ ጠቅሶ ያልፋል። ቀዳሚው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ይህንኑ ብሎ አልፎ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አብራ ለምታድር ሠራተኛ በመኖሪያ፣ በምግብ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓት ረገድ አሠሪው ተገቢውን እንዲያደርግ ያዛል። ተገቢው ዕረፍት ስንት ሰዓት ነው የሚለውን ግን የሚወስነው ሪሞት የሚያስነሣው ሰው ራሱ ነው።

ልጅቱ ድንበር ከተሻገረች ግን ነገሩ ይለወጣል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሪያድ የምትሄድ ሠራተኛ 18 ዓመት የሞላት፣ የሙያ ብቃቷ የተመሰከረ፣ ውሏ የጸደቀ እንድትሆን፣ ከተቀባዩ አገር ጋርም ስምምነት እንዲኖር አዘዘ። መልካም ሕግ ነው። የዐረብ እመቤት አደገኛ መሆኗን በአዋጅ አውቀናል፤ የቦሌዋና የአምቦዋ እመቤት ግን ሰዓትና ውል የማያስፈልጋት ጻድቅ ናት ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ሲጥሏቸው ተቆጣን፤ ቁጣውም ተገቢ ነበር። ደመወዝ መከልከል፣ መታወቂያ መያዝ፣ ከቤት እንዳትወጣ መቆለፍ ግፍ ነው አልን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው፤ ቁጣችንን ከሳሎን ስናሰማ ሻይ የምታቀርብልን ልጅ የዓመት ደመወዟ እኛው ዘንድ «ተቀምጦላት» ነበርና።

የፈረንጅ ዕቃ ሌላም ጣጣ አለባት፤ ታዳምጣለች። አማዞን አሌክሳ የቀዳችውን ድምፅ የሚሰሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዳሉት በ2011 ዓ.ም. በዜና ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የልጆችን ድምፅ ከሚገባው በላይ አከማችቷል ተብሎ ከአሜሪካ መንግሥት በቀረበበት ክስ 25 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እንግዲህ በዚያ አገር የልጅ ድምፅ ብቻውን የዚህን ያህል ያወጣል። እዚህ ድምፁ ከነባለቤቱ ጓዳ ቢውልና ቢያድር ከሳሽም ተከሳሽም የለም። የእኛ ሳሎን ስለ ምስጢርም አይጨነቅም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በውርስ ሲካሰስ፣ ጎረቤት ሲታማ እሷ ሳህን እያነሣች ናት፤ ጆሮ ያላት አይመስለንም። ወሬው ሰፈር ሲደርስ ነው ሰው መሆኗን የምናስታውሰው፤ ያኔም የምናስታውሰው ልንከሳት ነው።

ይህን ያነበበ ደግ ሰው «እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ቤት ይህ እውነት ነው፤ የማታ ትምህርት የሚያስተምር፣ ሲያማት ሐኪም ቤት የሚወስድ፣ ኩሎ የሚድር ቤት ሞልቷል። ችግሩ ደግነት በውል ያልታሰረ እንደሆነ እንደ ባለቤቱ ስሜት መሆኑ ነው፤ ባለቤቱ የከፋው ቀን ደግነቱም አብሮ ይከፋል። ደግሞም መመዘኛው አይከብድም። ልጁ ከእኩለ ሌሊት በፊት ይተኛል ወይ? ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል ወይስ የተረፈውን ጓዳ ቆሞ? የሒሳብ ፈተና ሲኖርበት እንግዳ መጣ ተብሎ ከትምህርት ቤት ይቀራል? «እንደ ልጄ» ያለ ሰው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ካለፈ የእውነት አባት ነውና ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም።

ሌላው «ሥራ ፈጥረንላታል፤ እኛ ባንኖር ገጠር ምን ትበላ ነበር?» ይላል። ሥራ መፍጠሩ እውነት ነው፤ ከየቤቱ ደመወዝ ስንት ታናሽ እኅትና ወንድም እንደሚማር ማንም አይክድም። ነገር ግን ሥራ ከሆነ ሥራ ይባል፤ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ በወሩ የሚከፈል ደመወዝ ይኑረው። ውለታ ከሆነ ደግሞ ውለታ በሌሊት አይቀሰቀስም። ከሁለቱ የሚጣፍጠውን እየመረጡ፣ ደመወዝ ስትጠይቅ «ቤተሰብ»፣ ስትታመም «ሠራተኛ» ማድረግ ብልጠት እንጂ መልስ አይደለም። «ሳትናገር ጥላን ጠፋች» የሚለው አቤቱታም ከዚሁ የተወለደ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚጠበቀው ውል ካለው ሰው ነው፤ ያለ ውል ገብታ ያለ ውል ብትወጣ ያስተማርናትን ነው ያደረገችው።

በመጨረሻ የሚመጣው ዘመናዊው ሰው ነው፤ «ታገሡ፣ ቴክኖሎጂው ነፃ ያወጣታል፤ ነገ አሌክሳ አማርኛ ስትችል ልጅቱ ትገላገላለች» ይላል። አሌክሳ ግን ሳህን አታጥብም፣ እንጀራ አትጋግርም፣ ሕፃን አታዝልም። የምታውቀው የሰው ድምፅ ከክፍል ወደ ክፍል ማድረስ ነው፤ ይህን አገልግሎት እነዚህ ዕቃዎች ዛሬም ይሰጣሉ። ስለዚህ አማርኛ በቻለች ማግሥት አንዷን ሳሎን፣ አንዷን ጓዳ አስቀምጠን «ነይ እስቲ» የምንልባት እንሆናለን። ልጅቱ ያው በጓዳዋ ናት፤ እኛ ግን ከመጮህ እንገላገላለን። ማሽን ሥራን ሊያቀል ይችላል፤ ከመቀመጫው መነሣትን እንደ ውርደት ቆጥሮ ያደገውን ሰው ግን የሚጠግን ማሽን የለም።

እንግዲህ የሚጠየቀው ተአምር አይደለም። ሁለት አዋጆች የጠቀሱት ደንብ ይውጣ፤ ሪያድ ለምትሄደው የታሰበው ውል፣ ዕድሜና ዕረፍት አዲስ አበባ ለምትቀረውም ይታሰብ። ይህን የሰማ ቤት የሚያነሣው የመጨረሻ ጭንቀት ይታወቃል፤ እሑድ ብታርፍ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጽሐፏን ይዛ ብትቀመጥ ቤቱ እንዴት ሊውልና ሊያድር ነው? እሷ ከመቀጠሯ በፊት እንዴት ይውል እንደነበር ማስታወስ ነው። ሳህን ይታጠብ ነበር፤ የሚያጥበውም ዛሬ ሶፋው ላይ ያለው ሰው ነበር፤ ሁለት እጅ ነበረው፤ እስካሁንም አሉት።