ዋስና ጆንያ

ሲኤምሲ ስያሜውን ያገኘው እዚያ ከሠራ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ምህጻረ ቃል ነው። ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል፤ ሦስቱ ፊደላት ግን በታክሲ ረዳት አፍ፣ በቀላል ባቡሩ ፌርማታና በደላላ ማስታወቂያ ላይ ቀርተዋል። ስሙን በሥራ ላይ ያኖረ ከሥራው ጋር ሲጠራ ይኖራል። በዚሁ ሰፈር ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራጠረው ትናንት የተቀባ ግድግዳ ነው። የተላጠ ቀለም ያየውን ሁሉ ይዘረግፋል፤ አዲስ ቀለም ግን ምስጢር ያውቃል። ገዢው «ከቀለሙ በፊት ምን ነበር?» ሲል ደላላው ስለ ሰፈሩ ጸጥታ ማውራት ይጀምራል። የዛሬው ወጌም ስለ ቀለም ነው፤ የሚቀባው ግን ሶፍትዌር ነው።

ደቢያን የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያቆሙት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አማርኛችንን በስክሪን ላይ የሚጽፈው አቢሲኒካ የተባለ ቅርጸ ፊደል እንኳ እዚያ ውስጥ ፓኬጅ (ለመጫን የተሰናዳ ጥቅል) ሆኖ ይገኛል። ፓኬጅ አዘጋጅቶ በራሱ ለማስገባት መብት የሌለው ሰው ባለ መብት የሆነ አባል ይፈልጋል። አባሉ ሥራውን መርምሮ፣ በራሱ ማሽን ገንብቶ፣ በራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ ፈርሞ ያስገባለታል። ይህን ሰው «ስፖንሰር» ይሉታል። ስሙ ያሳስታል፤ እኛ አገር ስፖንሰር ሲባል የሚታየን ቲሸርት የሚያድል ቢራ ፋብሪካ ነው። የዚህ ሰው ትክክለኛ ስም ዋስ ነው። ስለ ዋስ ደግሞ ማንም አያስተምረንም፤ ሥራ ለመቀጠር፣ ብድር ለመውሰድ፣ ከእስር ለመውጣት ስንቱን ዘመድ ስንለምን ኖረናል! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይታሰብ፣ በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ካልተወሰነም እንደማይጸና ይደነግጋል። ሕጉ ዋሱን የሚሸከመውን ሳያውቅ እንዳይሸከም ይጠብቀዋል። የኮምፒውተሩ ዋስ ለምን ከዚህ ያነሰ ይታሰብለታል?

ርክክቡ በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንደኛው ጆንያ ነው፦ ሁሉም ፋይል በአንድ ላይ ታጭቆ፣ ታርቦል ተብሎ፣ አፉ ታስሮ ይላካል። ሁለተኛው ጊት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. ለሊኑክስ ሥራ የጻፈው ይህ መሣሪያ እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንዳደረገው ይመዘግባል። እኔ ዋስ የሚለምን ሰው ጆንያውን ትቶ ጊቱን ያስረክብ ባይ ነኝ። ዋሱ ባለፈው ከፈረመው ወዲህ የተለወጡትን መስመሮች ብቻ ያነባል፤ ጆንያ የተላከለት ግን ወይ እንደ አዲስ ጥሬ በጥሬ ይለቅማል፣ ወይ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። የሰውን ጠባይ ለሚያውቅ የትኛው እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም።

ጆንያ ምን ሊደብቅ እንደሚችል መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም አየ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በደቢያን የሙከራ ማሽኑ ላይ የርቀት መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ ጊዜ ነገሩ ከነከነው። (ግማሽ ሰከንድ! እኛ ገጽ እስኪከፈት ቡና የምናፈላ ሰዎች ብንሆን ኖሮ ጉዱ እስከ ዛሬም ባልታወቀ።) ተከታትሎ ሲደርስበት ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ዕትሞች ውስጥ የጓሮ በር ተከፍቷል። ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያገለግል፣ እምነት ሲያተርፍ የኖረ ሰው ነው። ልብ የሚባለው ነገር ይኸውና፦ መርዙ የሙከራ ፋይል መስሎ በጊቱ ውስጥም ተቀምጦ ነበር፤ መርዙን የሚቀሰቅሰው ስክሪፕት ግን ለሕዝብ በተለቀቀው ታርቦል ውስጥ እንጂ በጊቱ አልነበረም። ሌባው ራሱ የትኛው ዕቃ ቀን በቀን እንደሚታይ፣ የትኛው ሳይፈታ እንደሚያልፍ ለይቶ ያውቅ ነበር።

«ሰውዬው እኮ የጊቱም ባለ ሥልጣን ነበር፤ ታዲያ ጊት ምን አዳነ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ጊት የሰውን ልብ አይመረምርም። ሆኖም በጊት የገባ ነገር ቀንና ስም ይዞ ይቀመጣል፤ ያለፈውን ልሰርዝ ቢሉ የሚከተለው መለያ ቁጥር ሁሉ ስለሚለወጥ ቀድሞ ቅጂ የወሰደ ሰው ይነቃል። ኔትወርኩ እንደ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰውም ጊት ደግ ነው፤ የጎደለውን ብቻ ይልካል፣ መዝገቡም ያለ ኢንተርኔት ይነበባል።

ሰው በአፉ የማያወጣው ዋናው ተቃውሞ ግን ኀፍረት ነው። መዝገቡ ሲገለጥ «አሁን ይሠራል»፣ «አልሠራም»፣ «የትናንቱን መለስኩ»፣ «በስመ አብ» የሚሉ ኮሚቶች (የለውጥ ምዝገባዎች) ተደርድረው ይገኛሉ። በፋይል ስም ላይ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «እውነተኛው ፋይናል» እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ብርቅ ሊሆን ባልተገባው። ያልተላከ ረቂቅን ማሰናዳት፣ የተበታተነውን በሥርዓት መጠቅለል ነውር የለበትም፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ዋሱ ግን እንግዳ አይደለም፤ «ከቀለሙ በፊት ምን ነበር?» የሚለው ገዢ ነው። እሱ «በስመ አብ» በተባለበት ቀን ምን እንደተነካ ነው ማየት የሚፈልገው፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ የሚገኘው እዚያ ነውና።

አንዲት ነገር ብቻ ለዋሱ ተዉለት። በፓኬጁ የለውጥ መዝገብ ላይ «ገና አልወጣም» የሚለው ምልክት እሱ ሊያስገባ ሲል ራሱ እስኪለውጠው ይቆይ፤ በጊቱ ላይ የዕትሙ መለያ ታግም ከዚያ በኋላ ይለጠፍ። አስቀድሞ መለጠፍ ቁልፍ ሳይረከቡ ለቤት ምረቃ በግ እንደ መግዛት ነው፤ በጉ ግቢ ውስጥ ይጮኻል፣ ዋሱ ገና የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ እየዘጋ ነው።