«በኋላ እሞላዋለሁ» ላሉኝ ሁሉ

«እኔ የተቀጠርኩት ላስተምር ነው እንጂ ቅጽ ልሞላ አይደለም!»

ማስተማርዎን ማን ካደ፣ መምህር? የተጠየቁት ምን እንዳስተማሩ፣ ለስንት ሴክሽን፣ በየትኛው ሴሚስተር፣ በስንት ሰዓት ሎድ እንደሆነ ነው። ይህን ከእርስዎ አብልጦ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ካልጻፉት የሚጽፈው ያላየው ሰው ነው። ያላየ ሰው ሲጽፍ ደግሞ ሁለቱን ሴክሽን አንድ ያደርገዋል፣ የላብራቶሪውን ሰዓት ይዘለዋል፣ እርስዎ ያማከሯቸውን የማስተርስ ተማሪዎች ለሌላ አማካሪ ይሰጣል። የኦቨርሎድ ክፍያው ሲጎድል ፋይናንስ ቢሮ ደጃፍ የሚቆሙት ግን እርስዎ ነዎት።

«ሥራዬ ይመሰክርልኛል።»

ይመስክርልዎ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው እርስዎ ሲያስተምሩ ኋላ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ከመስክ ሲመለሱ ጫማዎ ላይ የነበረውን ጭቃ አላየም። የሚያየው ፋይል ነው። ፋይሉ ዝም ካለ ሥራዎም ዝም ይላል።

በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚታይ ነገር አለ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻ ሊያስገባ ቀናት የቀሩት ረዳት ፕሮፌሰር የፕላስቲክ ፋይል ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከሕንፃ ሕንፃ ይዞራል። የሚፈልገው ከዓመታት በፊት የካሪኩለም ክለሳ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ ለመሥራቱ ማስረጃ የምትሆን አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነው። የያኔው ዲን ለትምህርት ውጭ አገር ሄደዋል። የያኔዋ ሴክሬታሪ ወደ ሌላ ኮሌጅ ተዛውራለች። ቃለ ጉባኤው የነበረበት ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጓል። የአሁኑ ዲን መነጽራቸውን አውልቀው «እኔ በሌለሁበት ለተሠራ ሥራ እንዴት ብዬ ፈርሜ ልስጥህ፣ ወንድሜ?» ይሉታል።

ዲኑ ልክ ናቸው። ያላዩትን አይፈርሙ። መምህሩም አልዋሸም፤ ሠርቷል፣ ክረምቱን በሙሉ ሰጥቶበታል። የጎደለው ኮሚቴው ሥራውን ባስረከበበት ሳምንት፣ ሰዎቹ ሁሉ በቦታቸው እያሉ፣ ሦስት መስመር ደብዳቤ ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ለአባላቱ ማደል ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«ስሜን ጎግል ስኮላር ላይ ጻፈው፤ ሥራዬ ሁሉ ይወጣል» አለኝ አንድ ወጣት ዶክተር።

የትኛውን ስምህን? በፈረንጆቹ የመረጃ ቋት ውስጥ እኮ አንድ ሰው አይደለህም። የእነሱ አሠራር መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ይይዛል፤ የእኛ ሰው ያለው ግን የአባት ስም ነው። ስለዚህ ጽሑፍህ በአባትህ ስም ይጠቀሳል፣ ያንተ ስም አንዲት ፊደል ሆና ትቀራለች። አባቱ ከበደ የሆነና ስሙ በዚያችው ፊደል የሚጀምር ሁሉ ካንተ ጋር ይደባለቃል። አንዱ ቅጽ የአያት ስም ጨምር ብሎ ሲያስጨንቅህ ደግሞ አያትህ ወደ ኋላ መጥተው የቤተሰብ ስም ይሆናሉ፣ አባትህ መሀል ይገባሉ። በዚህ ላይ የላቲኑ አጻጻፍ አለ። ገብረ ሥላሴ አንዱ ጋ በሰረዝ ተያይዞ፣ አንዱ ጋ ተጋጥሞ፣ አንዱ ጋ በ«ጂ» እና በእዝባር አጥሮ ይጻፋል፤ ጸጋዬ አንዴ በ«ቲ»፣ አንዴ በ«ኤስ» ይጀምራል። አንዱ ሰው አራት ሆኖ ይበተናል፣ አራቱ ሰዎች አንድ ሆነው ይቆጠራሉ።

መፍትሔው አለ፣ ክፍያም አይጠይቅም። ኦርኪድ የሚባለው ባለ16 አሃዝ መለያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነፃ ይሰጣል። ስምህ በየመጽሔቱ እንደፈለገው ቢጻፍ ቁጥሩ አንተን ይይዛል። አንድ አጻጻፍ ምረጥና ከዛሬ ጀምሮ ከእሱ አትውጣ፤ ጽሑፍ ስትልክ ቁጥሩን አስገባ፤ የድሮዎቹን ሥራዎችህን አንድ በአንድ ራስህ አያይዛቸው። የጎግል ስኮላር ገጽህን ዝም ብለህ አትመነው። በራሱ እንዲጨምር ከፈቀድክለት የሌላውን የከበደ ልጅ ጽሑፍ አምጥቶ ካንተ ሥራ መሀል ሊያስቀምጠው ይችላል። ያንተ ያልሆነውን አውጣው።

«ሳይቴሽኔ ይቀንስብኛላ!»

ያንተ ስላልነበረ ይቀንስ።

«ዓመቱ ላይ ደግሞ ምን ያነታርከናል? 2015 ብዬ ጽፌያለሁ።»

በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ወይም በ2023 ነው። በእነሱ ከሆነ በእኛ 2007 ወይም 2008 ነው። ከመጨረሻው ዕድገትህ ወዲህ የታተመ ሥራ ተለይቶ በሚቆጠርበት ጊዜ ይህ ልዩነት አንድን ጽሑፍ ያስገባዋል ወይም ያስወጣዋል። ወሩን ብትጨምርም አያድንህም። «ታኅሣሥ 2015» ብለህ ብትጽፍ እስከ 22ኛው ቀን ያለው በፈረንጆቹ 2022 ውስጥ ነው፣ ከ23 ጀምሮ ያለው 2023 ውስጥ ነው። መዝገቡን የሚሞላው ሰው በግምት ስምንት ቀንሶ ወይም ሰባት ደምሮ ያልፍሃል፣ ከዚያ ኮሚቴው ፊት መጽሔቱ ሌላ፣ ሲቪህ ሌላ ይናገራል። በመጽሔቱ ላይ የታተመውን ቀን ሳትነካው ገልብጥ፣ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ብለህ ለይ፣ አበቃ።

«ጽሑፌ ሊወጣ ነው። እንደወጣ ባስገባውስ?»

ሲወጣ ያስገቡት። ተልኳል፣ በግምገማ ላይ ነው፣ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ታትሟል፦ እነዚህ አራት የተለያዩ እውነቶች ናቸው፣ እያንዳንዱም ክብር አለው። የተላከውን የታተመ ብለው ሲጽፉ የሚገፉት ቢሮክራሲውን አይደለም፤ ጽሑፉ እስኪታተም ሁለት ዓመት ታግሦ የጠበቀውን ጎረቤትዎን ነው። ጉባኤ ላይ መቀመጥና ጉባኤ ላይ ጽሑፍ ማቅረብም አንድ አይደሉም። ሦስተኛ ደራሲ ሆነው የሠሩትን ሦስተኛ ብለው ይጻፉ፤ የአንደኛዋን ደራሲ ድካም እርስዎም ያውቁታል።

የታተመውን ሲመዘግቡ ዲኦአይ ቁጥሩን አይርሱ። የድረ ገጽ አድራሻ ይቀየራል፣ መጽሔት ከአሳታሚ አሳታሚ ይዛወራል፤ ቁጥሩ ግን ከጽሑፉ ጋር ይኖራል። ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የተጎዳበት፦ ዛሬ ስኮፐስ ውስጥ የተመዘገበ መጽሔት ነገ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። ጽሑፍዎ በወጣበት ጊዜ መጽሔቱ በዝርዝሩ ውስጥ እንደነበር የሚያሳየውን ገጽ በዚያው ሰሞን ከነቀኑ አትመው ያስቀምጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ይህ መጽሔት አይታወቅም» ሲባሉ የሚከራከርልዎ እሱ ነው። ጽሑፍዎ ከታተመ በኋላ ከተሰረዘ ደግሞ መሰረዙን ራስዎ ይጻፉት፤ ሌላ ሰው ፈልጎ ሲያገኘው የነገሩ ስም ይለወጣል።

«ይሄ እንኳን ሥራ ተብሎ አይጻፍም» አለችኝ አንዲት መምህርት።

ምኑ ነው የማይጻፈው እህቴ? ከሰዓት በኋላ ቢሮሽ በር ላይ የሚሰለፉት ተማሪዎች? አንደኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮዋል ልትሞላ የነበረችውን ልጅ ቁጭ አድርገሽ መክረሽ ማስቀረትሽ? ኮሚቴ ሲቋቋም «አንዲት ሴት ትግባ» ተብሎ ስምሽ በሌለሽበት የተጻፈባቸው ስብሰባዎች? ይህ ሁሉ ሰዓት በልቷል፣ የምርምር ጊዜሽንም የወሰደው እሱ ነው። ወንዱ ባልደረባሽ አንድ ስልጠና ሰጥቶ ሰርተፊኬቱን ያስገባል፤ አንቺ ዓመቱን ሙሉ ትመክሪያለሽ፣ መዝገብሽ ባዶ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ተማሪ እንደነበረ ጻፊ። የተማሪዎቹን ስምና ምስጢር ለራስሽ ያዢ። ዲፓርትመንቱ በሴሚስተሩ መጨረሻ ይፈርምበት። የማይፈርም ከሆነ ለምን እንደማይፈርም እሱ ይጻፍ።

አሁን ወደ ቢሮዎቹ ልዙር።

«መምህራኑ አይተባበሩም። ስንት ጊዜ ጠየቅን!»

ስንት ጊዜ ጠየቃችሁ ነው ጥያቄው። ዲፓርትመንቱ በኤክሴል ይጠይቃል፣ ኮሌጁ በወርድ፣ የጥራት ማረጋገጫው በራሱ ቅጽ፣ የምርምር ዘርፉ በሌላ ቅጽ፣ የሰው ሀብት ደግሞ በሀርድ ኮፒ ከነፎቶው። አምስት ቦታ የተጻፈ አንድ ነገር አምስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ ስህተቱ የመምህሩ ይባላል። አንድ መዝገብ ይኑር፣ ሁላችሁም ከእሱ ውሰዱ። ያስተማረውን ኮርስ ሬጅስትራሩ ያውቀዋል፤ ከዚያ በቀጥታ ይምጣና መምህሩ ትክክል መሆኑን አይቶ ያረጋግጥ። የሚያማክራቸውን ተማሪዎች ዝርዝር የድኅረ ምረቃ ክፍሉ ይዞታል፤ ለምን እንደገና ከመምህሩ ትዝታ ይለመናል? መምህሩ የሚጠየቀው እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነው። የተሳሳተ ነገር ሲያይም የሚያርምበት በር ይኑረው፤ ያረመው ሰውና ያረመበት ቀን ይታይ።

አንድ ነገር ጨምሩበት። መዝገቡ የሚከፈተው መምህር ሊቀጣ ወይም ሎዱ ሊጨመርበት ሲፈለግ ብቻ ከሆነ፣ በእውነት የሚሞላው አይኖርም። ሽልማትም፣ የምርምር ድጋፍም፣ የትምህርት ዕድልም ከዚያው መዝገብ ተነስቶ ሲሰጥ ይየው። ያን ጊዜ ማንም ሳይለምነው ይሞላል።

«ድረ ገጹ ላይ ያለው ዝርዝር ለይምሰል ነው፤ ማን ያየዋል?»

የሦስተኛ ዲግሪ አማካሪ የምትፈልግ ልጅ ታየዋለች። ከሌላ ክልል ሆና ስሙን አግኝታ፣ ሥራውን አንብባ፣ ኢሜይል ጽፋ ሳምንታት ትጠብቃለች። መምህሩ ከለቀቀ ቆይቷል። አንዳንዴም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አርፈዋል። እዚያው ገጽ ላይ ፕሮፌሰር ከሆኑ የቆዩ ሰው አሁንም ሌክቸረር ተብለው ተቀምጠዋል፣ የተቀጠረችው አዲሷ ዶክተር ደግሞ የለችም። ይህ ለሰው ያለንን አክብሮት የሚያሳይ ነገር ነው፤ ለሞቱትም ለቆሙትም።

«እኔ ሁሉም ማስረጃዬ ቢሮዬ አለ። ቁም ሳጥኔ ይቆለፋል።»

ቁልፍ በር የሚጠብቀው ሰላም እስካለ ድረስ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የአክሱም፣ የአዲግራት፣ የወልዲያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፣ ብዙ ንብረታቸው ወድሟል። ቢሮ ሲሰበር የሚጠፋው ወንበርና ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ግቢውን በእግሩ ትቶ የወጣ መምህር ሌላ ከተማ ገብቶ ሥራ ሲጠይቅ፣ የዓመታት ልፋቱን የሚያስረዳው በእጁ ያለው ነገር ነው። ምንም ካልያዘ በማያውቁት ሰዎች ፊት ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ያየ ሰው መዝገብን የቢሮክራሲ ወሬ ነው አይልም። እያንዳንዷን ደብዳቤ በስልክዎ ያንሱና ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም የራሱን ቅጂ ከግቢው ውጭ ያኑር።

«ጊዜ የለኝም።»

አንድ ጽሑፍ ሲታተም መመዝገብ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። አምስት ዓመት የተጠራቀመውን መሰብሰብ ግን ክረምትዎን ይበላል፣ ግማሹም አይገኝም። ፈተና አርመው ግሬድ ባስገቡ ማግስት፣ ሴሚስተሩ ገና ከአእምሮዎ ሳይወጣ ይቀመጡበት።

«እሺ፣ ዛሬውኑ ደብዳቤዬን ላጽፍ ብል እኮ ማህተሙን የሚይዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ይሉኛል።»

ስብሰባው ሲያልቅ ይወጣል። በር ላይ ይጠብቁትና ሁለት ኮፒ ያስመቱ።