ውዳሴ ሥልጠና

ሠራተኛ ሲዝል ሥራውን ከማቅለል ይልቅ ስለ መዛል ሥልጠና መስጠት በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች፣ በመንግሥቱም በግሉም፣ ሥር የሰደደ ልማድ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ የሚገባውን ውዳሴ ሳያገኝ ቀርቷል። በአስተዳደር ጥናት «ተቋማዊ የመማር ባህል» የሚባለው አንድ ድርጅት ከዕለት ሥራው፣ በተለይም ከስሕተቱ፣ ትምህርት እየወሰደ አሠራሩን የሚያርምበት ልማድ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ፒተር ሴንጌ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያት በብዙ አገር አስተዳዳሪዎች ዘንድ ታውቋል። የባሕር ማዶ ሊቃውንት ግን ድርጅቱ ራሱ ይማር ዘንድ በከንቱ ደክመዋል፤ ድርጅት ከተማረ አለቃ ሐሳቡን መለወጥ፣ ቅጽ መቀነስ፣ ለዓመታት ክፍት የቆየ የሥራ መደብ ላይ ሰው መቅጠር ይኖርበታልና። በአገር ቤት የተገኘው መላ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል፤ ድርጅቱ እንዳለ ይቆያል፣ ሠራተኛው በድርጅቱ ፈንታ ይማርለታል።

ለዚህ ውክልና የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቫንት ከበቂ በላይ ተዘጋጅቷል። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ወይም ቢፒአር በመጣ ጊዜ ሠልጥኗል፤ የሥራ ውጤትን በነጥብ የሚመዝነው ቢኤስሲ ሲከተል እንደገና ሠልጥኗል፤ በለውጥ ሠራዊት ተሰልፎ፣ አንዱ አምስቱን በሚመራበት የ1ለ5 ቡድን ተደራጅቶ፣ የዕቅድ አፈጻጸምን በቅርብ የሚከታተለውን ዴሊቨሮሎጂ ተቀብሎ ሸኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘንም ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ያየውን ትንንሽ ጉድለት እየጠቆመ አሠራሩ በየዕለቱ የሚሻሻልበት የጃፓኖች ዘዴ ነው። በቶዮታ ፋብሪካ ተራው ሠራተኛ ጉድለት ባየ ጊዜ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን እስከ ማስቆም ይደርሳል። ዘዴው ወደ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲገባ በፋይል መደርደሪያ ላይ የሚለጠፉት ቁጥሮች በሰላም ደርሰዋል፤ ገመዱ ግን ጉምሩክ ሳይዘው አልቀረም።

የደኅንነት ሥልጠና፣ ማለትም ሠራተኛው የሥራ ጫናን ተቋቁሞ አካሉንና አእምሮውን ጤነኛ አድርጎ እንዲይዝ የሚሰጠው ትምህርት፣ የዚህ ረጅም ትውልድ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሥልጠናው በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ አይካሄድም፤ ደኅንነት ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አዳማ ላይ፣ ወይም በጀት ሲጠብ ቢሾፍቱ ላይ እንደሚገኝ በልምድ ተረጋግጧል። የበላይ ኃላፊው ባነሩ ፊት ቆመው «የሰው ኃይላችን ዋነኛ ሀብታችን ነው» ካሉ በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለባቸው ይሄዳሉ፤ ሠልጣኙ ስሙንና ከሥልጠናው የሚጠብቀውን ይናገራል፤ ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርጋል፤ ጠዋትና ከሰዓት የመገኘት ፊርማ ይፈርማል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በጥልቀት ይተነፍሳል። ቀጥሎም የሰውን ፍላጎት ከምግብና ከመጠለያ ጀምሮ በደረጃ የሚያስቀምጠው የአብርሃም ማስሎው ትምህርት በፒራሚድ ተሥሎ ይቀርብለታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ የሚይዘውና የደመወዙን እኩሌታ ለቤት ኪራይ የሚከፍለው ሠራተኛ የሚጎድለው የመጀመሪያው ደረጃ መሆኑን የሚረዳው ያን ጊዜ ነው፤ ባይሠለጥን ኖሮ ይህን ከየት ያውቀው ነበር?

የዚህ አሠራር ዋናው በረከት የሚታየው ግን በአዳራሹ ሳይሆን ባዶ በቀረው መስኮት ላይ ነው። ባለሙያው ለ5 ቀን ሲሄድ በመስኮቱ ላይ «ሥልጠና ላይ ነን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ሲመለስ የተከማቸው ፋይል ከቀድሞው ይበልጥ ስለሚያስጨንቀው «ከሥልጠና በኋላ የሚከሰት ጫና አያያዝ» የሚል ሁለተኛ ዙር ይታወጅለታል፤ ከሁለተኛው ዙር ሲመለስ የሚጠብቀው ክምር ሦስተኛውን ዙር ራሱ ይወልደዋል። በዚህ መካከል ለይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ፊርማ የሚፈልገው ባለጉዳይ ባለሙያውን ተከትሎ አዳማ መውረዱ አይቀሬ ነው። መጀመሪያ በሆቴሉ በር ይቆማል፤ በሻይ ሰዓት ሾልኮ ይገባል፤ የበሩ ጥበቃ ያልፈረመ ሰው እንዳያስገባ ስለታዘዘ የመገኘት ፊርማውን ይፈርማል፤ የፈረመ ሁሉ ሠልጣኝ ነውና ቡድን 4 ውስጥ ይመደባል። የቡድን 4 መወያያ ርዕስ «ቀልጣፋ የባለጉዳይ አያያዝ» ስለሆነ እውነተኛ ባለጉዳይ በመገኘቱ አወያዩ ይደሰታሉ፤ ባለጉዳዩ የቡድኑ ዘጋቢ ሆኖ ይመረጣል፤ በፍሊፕ ቻርቱ ላይም «ችግር፦ ባለሙያ በቢሮ አለመገኘት፤ መፍትሔ፦ ተጨማሪ ሥልጠና» ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። በአምስተኛው ቀን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ሳያገኝ የጫና አያያዝ ሰርተፍኬት ይቀበላል። ይህን ሰርተፍኬት ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው ቢመለስ በካርታ ፈንታ እንደሚቀበሉት መገመት ይቻላል፤ በመዝገብ ቤቱ ፊርማውም ማኅተሙም የተሟላለት ወረቀት ያ ብቻ ነውና።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ባለጉዳዩ በሦስተኛው ዙር ልምድ ያለው ሠልጣኝ ስለሚሆን የአሠልጣኞች ሥልጠና ይሰጠዋል፤ የቀበሌውን ሰው ሁሉ ትዕግሥት እያስተማረ የአገሪቱን የደኅንነት ሽፋን ያሰፋል። መሥሪያ ቤቱ ጠቅልሎ አዳማ ሲገባ የሆቴሉ አስተናጋጆች ከጠዋቱ ሻይ እስከ ማታው የቡድን ፎቶ ያለ ዕረፍት ስለሚሮጡ በተራቸው ይዝላሉ፤ ለእነርሱም የደኅንነት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ሥልጠና ከሥራ ቦታ ርቆ መሰጠት ስላለበትም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ባዶውን የቀረው መሥሪያ ቤት ወንበሩም መስኮቱም የተሟላ አዳራሽ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ አስተናጋጆቹ በመስኮቱ በኩል ባለጉዳይ ሲመጣባቸው «ምን ልታዘዝ?» ማለታቸው ስለማይቀር፣ የሲቪል ሰርቪሱ ማሻሻያ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቡን ይመታል።

ሌሎቹ ጥቅሞች በአጭሩ ቢነገሩ ይበቃል። የባነር አሳታሚ ይጠቀማል። የቴሌግራም ቡድን ይከፈታል፤ ሥራን ከቤት ስለ መለየት የሚያትተው የሥልጠና ጽሑፍም ከምሽቱ 4 ሰዓት በዚያው ይላካል። አበሉ ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው፤ ደመወዙ ከወር እስከ ወር ለማይደርስለት ሠራተኛ በእርግጥ ጭንቀት የሚያቃልለው የሥልጠናው ክፍል እርሱ ብቻ ነው፤ ብዙዎች ለሥልጠና ስማቸው እንዲካተት የሚለማመጡትም ለዚህ ነው፤ በዚህም አይፈረድባቸውም። የደመወዝ ጭማሪ በትምህርት ስም፣ ያውም በዕጣ፣ ሲታደል የሚያፍረው ሰጪው መሆን ነበረበት።

በግል ድርጅቶች ዘንድ ልማዱ አበሉን ትቶ ቅዳሜንና እሑድን ወስዷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ሠራተኛው በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ደንግጓል። ድርጅቶቹ ግን ስለ ዕረፍት ጥቅም በዕረፍት ቀን ካልተማሩ መቼ ይማሩታል ባዮች ናቸው። ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ስድስት ቀን የሠራን ሰው በሰባተኛው ቀን ጠርቶ፣ በስም መጥሪያ ተቆጣጥሮ፣ «ለራስህ ጊዜ ስጥ» ማለት ዕረፍቱን መስረቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ የሥራ መዛልን ሲተረጉም፣ በሥራ ቦታ ካለ፣ በአግባቡ ካልተያዘና ከቆየ ጫና የሚመጣ፣ በጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራ በመራቅ ስሜትና በውጤታማነት ማነስ የሚታወቅ ክስተት መሆኑን ገልጾ፣ ከሕመም ሳይሆን ከሥራ ጋር ከተያያዙ ክስተቶች ተራ መድቦታል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዊሊያም ፍሌሚንግም እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ጥናት በብሪታንያ በ233 ድርጅቶች የሚሠሩ 46,336 ሰዎች የሰጡትን መረጃ መርምሮ፣ የጫና አያያዝ ሥልጠና፣ የአእምሮ ማረጋጊያ ልምምድና መሰል ለግለሰብ የሚሰጡ አገልግሎቶችን የተካፈሉት ካልተካፈሉት የተሻለ ደኅንነት እንዳላገኙ ደርሶበታል፤ ለየት ያለ ውጤት የታየው ለሌሎች በሚሰጥ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ላይ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ግኝት በባነር ላይ ለመጻፍ ስለማይመች አዳማ አለመድረሱ አያስደንቅም። ሠራተኛው የሁለት ሰው ሥራ ተሰጥቶት ነው የደከመው፤ አተነፋፈሱ ምንም አልሆነም።

ሥልጠናው ሲያበቃ የሚሞላው የግምገማ ቅጽም ሊዘነጋ አይገባም። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ሥልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን አሳይቷል፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረበት ወይ፣ በሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ለድርጅቱ ምን ውጤት መጣ የሚሉ ናቸው። ቅጹ ከመጀመሪያው ደረጃ ሳያልፍ፣ በእርሱም ውስጥ ከምሳው ጥራት ሳይርቅ ይጠናቀቃል። የሃርቫርዷ ምሁር ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት የሥራ ቡድን የሚማረው አባላቱ ስሕተትን ቢናገሩ፣ ጥያቄ ቢጠይቁ እንደማይሸማቀቁና እንደማይቀጡ ሲያምኑ መሆኑን አሳይታ፣ ይህን እምነት «ሥነ ልቦናዊ ዋስትና» በሚለው ስም አስተዋውቃለች። ይህ ዋስትና በቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ፣ «ወደፊት በምን ርዕስ ሥልጠና ቢሰጥ ይመርጣሉ?» በሚለው ሥር፣ በደንብ ይፈተናል። አንድ የዋህ ሠራተኛ በባዶው መስመር ላይ «የክፍሉ ኃላፊ ለአንድ ሰው ስንት ሰው የሚያሠራ ሥራ እንደሚሰጡ መቁጠር ቢማሩ» ብሎ ቢጽፍ፣ አስተያየቱ በሪፖርቱ ውስጥ «የተግባቦት ክህሎት ክፍተት» ተብሎ ይጠቃለላል፤ ስሙም ለቀጣዩ ዙር በተራ ቁጥር 1 ይመዘገባል።