ለአርሰናል ሃያ አንድ ዓመት

አንድ የአሶሳ ወጣት 18 ዓመት ሲሞላው አገሩ በብዙ ነገር ታምነዋለች። ይመርጣል፣ ያገባል፣ ውል ይፈርማል። «አርሰናል ያሸንፋል» ብሎ 20 ብር ማስያዝ ግን አይችልም፤ ለስፖርት ውርርድ ዕድሜው 21 መድረስ አለበት። ጥንቃቄው የሚደነቅ ነው። በምርጫ ሕጋችን ለምክር ቤት ዕጩ ሆኖ ለመቅረብም የሚጠየቀው ያው 21 ነው። አገር መምራትና የአርሰናልን ተከላካዮች ማመን በአንድ ሚዛን ተቀምጠው እኩል መጡ ማለት ነው። የክለቡ ደጋፊዎች ሁለተኛው እንደሚከብድ ይመሰክራሉ።

አሶሳ የምትገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለዚህ ንጽጽር የተመቸ ክልል ነው። በ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ በጸጥታ ችግር ድምፅ ያልተሰጠባቸው የክልሉ አካባቢዎች እስከ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠብቀዋል። ቤቲንግ የምንለው የስፖርት ውርርድ ግን የምርጫ ቦርድን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሳምንቱ በመጣ ቁጥር ድምፅ መስጫው ክፍት ነው፣ ውጤቱም በ90 ደቂቃ ይታወቃል።

ክልሉ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ክለብ የለውም። ይህም ችግር አይደለም። የቤቲንግ ተጫዋች የሰፈሩን ቡድን ማየት አይጠበቅበትም፤ የኖርዌይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይበቃዋል። ስሷን የውርርድ ቲኬት ይዞ ይቀመጣል፦ ሰባት ጨዋታ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ኦዱ (የማባዣው ቁጥር)፣ ከሥር «ሊያሸንፉ የሚችሉት» የሚል ትልቅ ቁጥር። ስድስቱ ይገባሉ። ሰባተኛው፣ ስሙን ሊጠራው የማይችለው ቡድን፣ በጭማሪ ሰዓት ጎል ይገባበታል፤ ቲኬቷም በሙሉ ትከስራለች። «አንዷ አቃጠለችኝ» ይላል። ሁልጊዜ የምታቃጥለው አንዷ ናት፤ ስድስቱ ለምን ለዚያች አንዷ እንደማይማልዱላት የሚጠይቅ የለም። በመንጌና በኩርሙክ ወርቅ የሚያጥበው ቆፋሪ እንኳ ይሻላል፤ ባዶ እጁን ቢመለስ ቢያንስ ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ነው።

በቤቲንግ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ሥር ደብተር የያዘ ተማሪ ማየት በየትኛውም የአገሪቱ ከተማ ብርቅ አይደለም። ወረቀቱ ግን ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚታይ ነገር አለ።

ወደ ተቆጣጣሪው እንምጣ፤ ጉዳዩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 535/1999 ሎተሪ የማካሄድም፣ ለሌሎች ፈቃድ የመስጠትም ሥልጣን የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ሆነ። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድል ሲሸጥ የኖረ ቤት፣ ሌሎች ዕድል ሲሸጡ ሥነ ምግባር እንዲጠብቁ የመቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጠው ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ከነጋዴው የተሻለ ልምድ ያለው ማን ይኖራል?

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተቋሙ በአዲሱ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ገባ። በዚያው ጥላ ሥር ቴሌብር የሚባለው የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት አለ፤ ንግድ ባንክም አለ። ስለዚህ ወጣቱ ደመወዙ በንግድ ባንክ ገብቶለት፣ በቴሌብር አስተላልፎ፣ በሎተሪው ቤት ፈቃድ በቆመ ውርርድ ቢበላ፣ ገንዘቡ በመንገዱ ሁሉ የሚያገኘው ዘመድ ነው። ሆልዲንግስ የተቋቋመው የመንግሥትን ሀብት በትርፋማነት ለማስተዳደር ነው። ትርፍ የሚጠበቅበትን ድርጅት «ሰው ትንሽ እንዲወራረድ አድርግ» ብሎ ማዘዝ ደግሞ ነውር ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

የገቢዎች ድርሻም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ1,000 ብር በላይ ዕድል የቀናው ሰው 15 በመቶ እንዲከፍል ደነገገ። ከዚያ በፊት የተቃጠሉት ቲኬቶች አይቀነሱለትም። አንድ ጊዜ 5,000 ብር ያገኘ ሰው ዓመቱን ሙሉ 20,000 ብር ቢያስበላም፣ አዋጁ የሚያውቀው 5,000ውን ብቻ ነው። መንግሥት የደስታው ተካፋይ ነው፤ ለሐዘኑ እድር አለ።

አልፎ አልፎ ግን ሕሊና ይነሳል። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የጸጥታ አካላት የቤቲንግ ቤቶችን «ወጣቱን እያበላሹ ነው» በሚል አሸጉ። ባለቤቶቹ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለ የፌዴራል ፈቃድ ነበራቸው። አንዱ የመንግሥት እጅ ማኅተም አድርጎ ያስገባውን ሌላው እጅ ማኅተም አድርጎ አስወጣው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ2013 የውድድር ዘመን፣ የአገሪቱ ትልቁ ሊግ ራሱ በውርርድ ኩባንያ ስም «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተብሎ ነበር። ያኔ ወጣቱ የተበላሸ አይመስልም ነበር፤ ስፖንሰር የተገኘለት ነበር።

ግራ የተጋባነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካኖች በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው የኦንላይን ቁማር ሕጋቸው ፋንታሲ ስፖርትን፣ ማለትም እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጦ በሚያስመዘግቡት ነጥብ መወዳደርን፣ «የችሎታ ውድድር ነው» ብለው አሳለፉት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ «ቁማር ነው» ብሎ እንዲቆም አዘዘ፤ በዓመቱ የግዛቲቱ ምክር ቤት ግብር ጥሎበት ሕጋዊ አደረገው። ግብር ሲከፈልበት ችሎታ ይሆናል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የቁማር ድርጅቶችን ስም ከማሊያቸው ፊት ለማንሳት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ተስማሙ፤ ክንዱ ላይ ቢቀር ግን አይጎዳም። ሕንድ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በገንዘብ የሚካሄዱ የኦንላይን ጨዋታዎችን በሙሉ ስትከለክል፣ የክሪኬት ብሔራዊ ቡድኗ ማሊያ ላይ የነበረው የፋንታሲ ኩባንያው የድሪም ኢሌቨን ስም አብሮ ወረደ።

በእኛ አገር መጀመር ያለበት ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ዕድል የሚሸጠው ፈቃድ ሰጪ አይሁን፤ ፈቃድ ሰጪው ከውርርዱ የሚያተርፍ አይሁን። ከውርርድ በየዓመቱ የተሰበሰበው ገንዘብ፣ ከ21 ዓመት በታች አስገብቶ ፈቃዱ የተነጠቀው ቤት ብዛትም በየክልሉ ይታተም። የአሶሳ ወላጆች፣ የክልሉን ምክር ቤት አባሎቻችሁን ሁለተኛውን ቁጥር ጠይቋቸው።