ምን ትል ነበር?

ጀመዓ፣ ወዲህ ጠጋ በሉማ! ይሄ ወንድማችን ዛሬም አፉን ከፍቷል። ነጭ ጋውን ለብሶ ከብት ኋላ የቆመ ተመራማሪ አየና፣ "ሃያ ዓመት ተምሮ እበት ለማየት!" ብሎ ይስቃል። አይ አንተ! አንተ ዕድሜህን ሙሉ ከበሬ ኋላ ስትሄድ ኖረህ አንድም ነገር አላየህም። እሱ በአንድ ማንኪያ አየ።

ደግሞ እንዴት እንደሚያይ አታውቅ! እበቱን በውሃ ይበጠብጠዋል። በወንፊት ያጠልለዋል። እስኪዘቅጥ ይጠብቅና ላዩን ይደፋዋል። ከዝቃጩ ጠብ አድርጎ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ይጨምርበታል። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ሲል ዙሪያው ሰማያዊ ሆኖ የጉበት ትል እንቁላል ወርቅ መስሎ ቁጭ ይላል። ካንተ በረት ወርቅ ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

"እኔ ከብቴን በዓይኔ አይቼ አውቃለሁ" ትላለህ። ማለቱንማ ትላለህ፤ ትሉን ግን አታይም። በጋ ሲሆን አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም ከብቱን እየነዳ እዚሁ ከሚሴ አጠገብ ጨፋ ረግረግ ላይ ይገናኛል። እበቱ ውሃ ይገባል፤ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባና እዚያ ይራባል፤ ሲወጣ ሣር ላይ ይለጠፋል፤ ላምህ ከነሣሩ ትግጠዋለች። ባለ ቀንዱ በሬ በቀንድ አውጣ ሲወድቅ አንተ "ዓይን በላብኝ" ብለህ ታለቅሳለህ። የማን ዓይን? ያንተ ዓይን እንደሆነ እንኳን ሊበላ ማየትም አቅቶታል። የሌላው ሰው ላም በሰማይ ናት፣ ወተቷን ባያይ አይፈረድበትም። ያንተ እዚሁ ጨፋ ቆማ ወተቷን አላየኸውም!

የከብት ቢልሃርዝያ ደግሞ አለልህ። እሱ በሣር ተጭኖ መምጣቱንም አይጠብቅም፤ ላምህ ቦርከና ወንዝ ገብታ ስትቆም ቆዳዋን በስቶ ይገባል። ከአንጀቷ ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይሰፍራል። ወንዱ ሴቷን በሰውነቱ እጥፋት አቅፎ ይዞ ይኖራል። ትዳር ብሎ ዝም! አንተ እንኳን ሚስትህን ጀሪካኗንም አላቀፍክላትም።

"ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው" ትላለህ። የከሚሴ ወሬ ነው እንጂ! ጎበና አመኒ እና ባልደረቦቻቸው በዚሁ በከሚሴ ዙሪያ ከብቶች ላይ እነዚህን የትል ወገኖች አጥንተው፣ ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት የማከም ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ዓለም ስለ ከሚሴ ላም አነበበ። ያልሰማው ባለላሙ ነው።

ፈረንጅ ካልክማ ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። እንዶድ ቢልሃርዝያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም የነገሩት እሳቸው ናቸው። አንተም እኮ እናትህ በእንዶድ ስታጥብ ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆመሃል! ያየኸው ግን ሸሚዝህ መንጣቱን ነው።

"መድኃኒት እንደሆነ ገበያ ሞልቷል" ትላለህ። ሰኞ ባቲ ትወርድና ያገኘኸውን ክኒን ይዘህ ትመጣለህ። አልቤንዳዞል የጎለመሰውን የጉበት ትል ይገድላል፤ ጉበቱን እየቦረቦረ የሚያድገውን ጫጩት አይነካውም። ኢቨርሜክቲን ደግሞ ለአንጀት ትልና ለእከክ ጎበዝ ነው፤ የጉበት ትል ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አንተ ሌባው ጉበት ቤት ገብቶ ሳለ አንጀት ቤት ትደበድባለህ። ቆጠብኩ ብለህም ለበሬ የበግ ክኒን ታውጠዋለህ። ሳይሞት የተረፈው ትል መድኃኒቱን ይለምደዋል። ይኸው ትሉ እንኳን ተማረ፤ የቀረኸው አንተ ነህ!

"ከታመመ ሳይሞት አርዶ መብላት ነው" ትላለህ። አባሰንጋ ከሆነስ? ቢላህ ሞቱን ቀደመው እንጂ በሽታውን አልቀደመውም። ደሙ የፈሰሰበት አፈር ላይ ጀርሙ ጠንካራ ሽፋን አበጅቶ አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ለልጅህ መሬት አወርሳለሁ ብለህ አባሰንጋ ታወርሰዋለህ።

ቁርጡን ትበላና ደግሞ "ይህች ላም ኮሶ አስያዘችኝ" ብለህ ትከሳታለህ። እስቲ ጀመዓው ይፍረድ! እሷንስ ማን አስያዛት? የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ነው የሚወጣው። አንተ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ ብለህ የተነሳህበትን ሣር ነው የጋጠችው። "እበት ያያል" ብለህ ሰውየው ላይ ስትስቅ ላምህ ያንተን ስታይ ከርማለች!

"አባቶቻችን ያለ ተመራማሪ ነው ያረቡት" ትላለህ። ማርባቱንስ አረቡ፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ከከብት ጋር አንድ በሽታ እስኪገባ ድረስ። ስሙን ደስታ አሉት። እንዲህ ያለ ደስታ ለጠላትም አይስጥ! ከአሥር ከብት ዘጠኝ ያህሉን ጠረገ። የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ክፉ ቀን ሆነ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ አንስተው ቆፈሩ። ከብቱን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ያኔም ሞልቶ ነበር። በዓይኑ የሠራው ሥራ ግን ማልቀስ ብቻ ነው።

"ታዲያ ያ ደስታ የምትሉት የት አለ? እኔ አይቼው አላውቅም" ትላለህ። ጀመዓ፣ ሰማችሁልኝ? አላየሁትም አለ እኮ! ያላየኸውማ እበት አያዮቹ አይተው ስለጨረሱት ነው። ዋልተር ፕሎራይት የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ተቀምጦ ክትባቱን አሻሻለው። ክትባቱ ፍሪጅ ይፈልግ ነበር፤ አፋር በረሃ ፍሪጅ ቢገኝ ደግሞ ከክትባት በፊት ውሃ ነው የሚገባበት። ስለዚህ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ። እዚሁ ጎረቤትህ አፋር የአርብቶ አደሩ ልጆች ሠለጠኑና ከብቱን እየተከተሉ ከተቡ። ከኅዳር 1988 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ደስታ አልተከሰተም። በ2003 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። እነሱ በሽታ አጠፉ፤ አንተ ጊዜ አጠፋህ።

በል አሁን ተነስ። ያቺ የከሳች ላምህ አገጯ ሥር ካበጠ፣ እበቷን በንጹሕ ላስቲክ ቋጥረህ ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ አድርስ። ከከበደ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ይልኩልሃል። ይዘኸው ስትሄድ ሰው አየኝ ብለህ እንዳታፍር። ከአፍህ ከሚወጣው ከላምህ የሚወጣው ይሻላል፤ እሱን ቢያንስ የሚመረምረው አለ።