ግራ የገባው ዳዶ

ከአጋሮ ወደ ጮጬ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪና ከቆመ መካኒክ መጥራት አያስፈልግም፤ ራሱ ይመጣል። ችግሩ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። አንዱ ከቡና ሥር ብቅ ይላል፣ ሌላው ከባጃጅ ይወርዳል፣ ሌላው በቅሎውን ዛፍ ላይ ያስራል። ሁሉም "ምን ሆኖ ነው?" ብለው ይጠይቁና መልሱን ሳይጠብቁ መፍትሔውን ይናገራሉ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ጅማና ዙሪያዋ በኅዳር ከቡና ሌላ ወሬ የላቸውም። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከጅማ አጋሮ ደግሞ 45 ያህል በሰላም ተጉዤ፣ የቡና መገኛ ናት የምትባለውን ጮጬን ሳላይ አልመለስም ብዬ ወደዚያ የሚሄድ ስፈልግ፣ የተገኘው እሸት ቡና ጭኖ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚጣደፍ አንድ ያረጀ አይሱዙ ነው። ጋቢና ገባሁ። በአንድ ወገኔ ሹፌሩ የጎማ ወረዳ ተወላጅ፣ በሌላው ረዳቱ የቦንጋ ልጅ። መሀል የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም።

"የካልዲ ፍየሎች ቡናውን የበሉት እዚሁ ነው፤ ጮጬ" አለ ሹፌሩ።

"ታዲያ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ለምን ቦንጋ ተሠራ?" አለ ረዳቱ።

"ሙዚየም ሰው ነው የሚሠራው። ፍየል ግን አይዋሽም።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ፍርድ ሲጠብቁ፣ ከኋላ አንድ ነገር ፈነዳ። ጎማው ከዳኝነት ገላገለኝ።

የተነፈሰው የግራ የኋላ ጎማ ነው፤ ያውም የውስጠኛው። አይሱዙ ከኋላ በየጎኑ ጎማው መንታ ስለሆነ የውስጡን ለመቀየር ደህናው የውጩ ጎማም ይፈታል። በዚህ ዓይነቱ ያረጀ አይሱዙ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ብሎን ሁለት ዳዶ ነው ያለው፤ ትልቁ የውጩን ጎማ ይይዛል፣ እሱ ሲወጣ ባለ አራት ማዕዘን ጭንቅላቱ የውስጡን የያዘው ይመጣል። ስድስት ብሎን፣ ዐሥራ ሁለት ዳዶ። የጃፓን መሐንዲስ ይህን ሲነድፍ ጭቃችንን አላየም።

እሸት ቡና ደግሞ ትዕግሥት የለውም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቅና ይብላላል፤ ከዚያ ወዲያ የታጠበ ቡና ነኝ ቢል የሚያምነው የለም። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት እንደሚፈጅ ስታስቡት፣ በዚያ አይሱዙ ላይ የስንት ለቃሚ ድካም እንደተጫነ ይገባችኋል። ሹፌሩ ይህ ስለገባው ለጣቢያው ኃላፊ ሊደውል ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣ። ጎማውን ለረዳቱ ተወለት። ረዳቱ እስከ መስከረም ድረስ ባጃጅ ላይ ነበር የሚሠራው።

ክሪኩ ተተከለ፣ የጎማ መፍቻው ዳዶው ላይ ገባ፣ ረዳቱ ወደ ግራ ገፋ። ንቅንቅ የለም። አንዱ የውሃ ቧንቧ አምጥቶ የመፍቻው እጀታ ላይ አጠለቀለት። ረዳቱ ቧንቧውን በስተግራ በኩል ዘርግቶ ቆመበት። ንቅንቅ የለም። አንድ ወፍራም ሰው ጫማውን አውልቆ (ለምን እንዳወለቀ እስካሁን አልገባኝም) ከጎኑ ወጣ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!" አለና ሦስተኛው ተጨመረ፤ አራተኛው ትከሻቸውን ይዞ ተንጠለጠለ። በዚህ ጊዜ ዳዶው "ቅጭጭ" ብሎ ትንሽ ዞረ። ጭብጨባ ሆነ። "ነቃ! ነቃ!" እየተባለ ወደሚቀጥለው ታለፈ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉ አባቶቻችን የአይሱዙ ጎማ ፈትተው አያውቁም።

ስድስቱም እንዲህ "ነቅተው" ሳለ ሹፌሩ ከጉብታው እየሮጠ ወረደ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው? ግራ ጥርስ እኮ ነው!"

የብሎኑን ጫፍ በአውራ ጣቱ ጠረገው። ከጭቃው ሥር "ኤል" የምትል የፈረንጅ ፊደል ወጣች። በቀድሞዎቹ የጃፓን የጭነት መኪኖች ላይ በግራ በኩል ያሉት የጎማ ብሎኖች ጥርሳቸው ወደ ግራ ነው የተቀረጸው፤ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶውን እያላላ እንዳይጥለው። ስለዚህ ሌላው ዳዶ ሁሉ በሚፈታበት አቅጣጫ እነሱ ይጠብቃሉ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ልብ ተባብሮ፣ ላቡን አፍስሶ፣ ሲያጠብቅ ነበር የዋለው።

ዝም ተባለ። ብዙ አልቆየም እንጂ። "እኔስ ገና ስመጣ ጠርጥሬ ነበር" አለ በቅሎውን ያሰረው።

ቧንቧው ወደ ቀኝ ዞሮ፣ ያው ሕዝብ በዚያው ወኔ ሲጫነው አምስቱ ዳዶዎች እየጮኹ ወጡ። ስድስተኛው ግን አሻፈረኝ አለ። እሱ በማጥበቅ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ዝጓል። ከጆንያው የሚንጠባጠበው የእሸት ቡና ጭማቂ ሲብላላ ኮምጣጣ ይሆናል፣ ኮምጣጣ ደግሞ ብረት ይበላል። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ አለ፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ግድም። ዝገት ደግሞ ክፋቱ፣ ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ መያዙ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት አብጦ ይሞላትና ዳዶና ብሎን አንድ አካል ይሆናሉ።

አሁን የምክር ዝናብ ወረደ። አንዱ ኮካ አፍስሱበት አለ፣ ሌላው የፍሬን ዘይት፣ ሌላው ላምባ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ቡና ቀላ እየተዘጋጀ ስለነበር (ቡናው ከነልጣጩ በቅቤ ሲጠበስ ሽታው መካኒክም ያስረሳል) ቅቤ ይሞከር ያለም ነበር። የቤቱ እመቤት ከደጃፋቸው ሆነው "ቅቤው የሰው ነው!" ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ስልኩን የያዘ ወጣት ደግሞ "ደብሊው-ዲ 40 ብቻ ነው መፍትሔው" አለ። አልተሳሳተም፤ ግን አጋሮ ተመልሶ የሚያመጣው የለም። ይህ ፈሳሽ በ1953 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሳንዲያጎ ውስጥ ሲቀመም አትላስ የተባለውን ሚሳይል ከዝገት ለመጠበቅ ነበር የታሰበው፤ 40 የሚለውም የተሳካው 40ኛው ሙከራ ስለሆነ ነው ይባላል። አሜሪካኖች ሚሳይላቸውን ያዳኑበት ነገር ለእኛ አይሱዙ ቢደርስ ባልከፋ።

ይህን ስንል አንዱ የደረቀ እንጨት ሰብስቦ ከጎማው ሥር እሳት ሊያነድ ክብሪት ጫረ።

"አጥፋ! አንተ፣ አጥፋው ነው የምልህ!"

ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ሹፌሩ ሲያያቸው ጎንበስ አለ። በወጣትነታቸው ፊያት 682 ኤንትሬ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ፣ ባለ ጋራዥ ሁሉ "አባባ" የሚላቸው ሰው መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። ዳዶ በእሳት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ዝገቱም ይሰነጠቃል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ነፋስ የሞላው ጎማ አጠገብ እሳት የነደደ እንደሆነ ጎማው እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። "ቡና ልታደርስ ነው ወይስ ሬሳ?" አሉት ክብሪት የጫረውን።

ከዚያ ባዶ ሃይላንድ አስመጡ። ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቀሉበት፣ የዳዶውን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ፣ በጨርቅ እያንጠባጠቡ አራሱት፣ በማርቴሎ ዙሪያውን ደግመው ደጋግመው መቱት፤ በኃይል አይደለም፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱ በስንጥቁ ራሱ ይገባል። ከዚያም "በቃ፣ ተዉት" አሉ።

"እስከ መቼ አባባ?" አለ ሹፌሩ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሽማግሌው ጭስ ወደሚወጣበት ቤት አዩ። "እስከ በረካ።"

"ኮታ፣ ቡና ዱጋ!" (ኑ፣ ቡና ጠጡ!) አሉ እመቤቲቱ፣ ይህን ብቻ ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል። ሁሉም ገባ። አቦል ተቀዳ፤ በጨው ነው፣ ለለመደ ይጣፍጣል። አባባ ፍንጃላቸውን አስቀምጠው ወጡ፣ ዳዶውን አንኳኩ፣ ዘይት ጨመሩ፣ ተመለሱ። ቶና ተቀዳ፤ እንደገና ወጡ። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ጀንበሯን፣ አንዴ ጆንያውን፣ አንዴ ረዳቱን ያያል። ረዳቱ ግን ከወፍራሙ ሰውዬ ጋር የቡና መገኛ የት ነው የሚለውን ክርክር ካቆመበት ቀጥሏል።

በረካ ተጠጥቶ ሲወጣ አባባ መፍቻውን ለረዳቱ ሰጡና "መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው" አሉት።

ሕዝቡ ፈነደቀ። "አላልንም? እኛ ያደረግነው እኮ ይሄንኑ ነው!"

ሽማግሌው ዘወር አሉ። የዛገ ዳዶ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ወደ መጥበቂያው ሲገፋ የያዘው ዝገት ይሰበራል፤ ከዚያ ትንሽ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ወደ መጥበቂያው፣ እያመላለሱ ነው። "እናንተ ግን ለሰባት ትውልድ ነው ያጠበቃችሁት" አሉ። ረዳቱ ሊቸኩል ሲል "ሱታ! ሱታ!" (ቀስ! ቀስ!) ይሉታል። ዳዶው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ቀይ ዱቄት አራገፈ፣ ዞረ።

የውስጠኞቹ ዳዶዎች ጭቃው ስላልደረሰባቸው አላስቸገሩም። ተቀያሪው ጎማ ገባ። ቧንቧ ላይ የወጡት ሰዎች የጉልበት ዋጋ ሲጠይቁ ሹፌሩ "ለማጥበቂያው ነው ወይስ ለመፍቻው?" አላቸው፤ ግን ከፈለ። አባባ ሳንቲም አልነኩም፤ "ጎማ ከተቀየረ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ሳትርቅ ዳዶውን ደግመህ አጥብቅ፤ በትክክለኛው በኩል" ብለው ብቻ ሄዱ። ማጠቢያ ጣቢያው ስንደርስ መሽቷል፤ መፈልፈያው ግን በቡና ወቅት ማታም ይሠራል። ኃላፊው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ አሸተተ፣ ሹፌሩን ገላመጠው፣ ተቀበለው።

እናንተም በጅማ መንገድ ላይ ያረጀ አይሱዙ ቆሞ ካያችሁ መርዳታችሁን አትተዉ፤ ደግ ነው። ግን ቧንቧ ይዛችሁ ከመሮጣችሁ በፊት የብሎኑን ጫፍ ጥረጉና አንብቡ። "ኤል" ካለበት የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው።