የሶፍትዌር አመራረጥና የሕዝብ አስተያየት አቀባበል አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ዳታ ያለህ ሼር አድርግ!

ያልተነካ በጀት ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስ በሰኔ መጨረሻ በጥድፊያ ሶፍትዌር የመግዛት ነባር ልማድ ሕጋዊ መሠረት ስለሚያስፈልገው፤ ባለጉዳይ ከዓመት ዓመት እየበዛ መቀመጫው ግን ባለበት በመቅረቱ፤ ሕዝብን ሳይሰሙ የሰሙ መስሎ ለመታየት ቴክኖሎጂው ምቹ ሁኔታ በመፍጠሩ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «የዝምታ ፕላትፎርም አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ሲስተም» ማለት ሲሠራ ማንም የማያነሳው፣ «የለም» ሲባል ግን ወረፋ ሙሉ ሰው ወደ ቤቱ የሚመልስ ኃይል ነው። «ዲጂታል አገልግሎት» ማለት ቅጹን በኢንተርኔት ሞልቶ፣ አሳትሞ፣ ከሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር አያይዞ መስኮት 4 ይዞ መቅረብ ነው። «የሕዝብ ተሳትፎ» ዜጋው ጽፎ «ላክ» የሚለውን ሲጫን ይጀምራል፤ እዚያው ላይም ያበቃል።

አንቀጽ 3፤ ስለ አመራረጥ። መሥሪያ ቤቱ በቅድሚያ የምርቃቱን ቀን፣ ቀጥሎ ሪባን ቆራጩን፣ ከዚያ ሻጩን ይወስናል። «ሥራው ምንድን ነው? መረጃውስ ስንት ነው?» እያለ የሚያስቸግር ባለሙያ በጨረታ ኮሚቴ ውስጥ አይካተትም። ለዚህ ከታላላቅ አገሮች ልምድ ተቀስሟል። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት የኮቪድ ምርመራ ውጤቶችን የሚያሰባስቡት በአሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ያ የፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ ሲሞላ የተረፈውን ድምፁን ሳያሰማ ይጥለዋል። በዚህ ሳቢያ 15,841 ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ቀሩ፤ ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን የማፈላለጉ ሥራም በዚያው ልክ ዘገየ። በቁጥጥር ሥር የዋለ ወረርሽኝ ለማሳየት ይህን ያህል ርካሽ መንገድ ስላልተገኘ፣ ኤክሴል ከዛሬ ጀምሮ ብሔራዊ ዳታቤዝ ሆኖ ያገለግላል።

አንቀጽ 4፤ ስለ አገር በቀል ጉዳዮች። ከውጭ የሚገዛ ማንኛውም ሲስተም የካቲት 30 የተወለደን ሰው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መመለስ ይኖርበታል። ጳጉሜን የተወለደማ ከነጭራሹ አልተወለደም። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ግብር ከፋይ «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ መገኘት የለበትም፤ ተገኝቶ ከሆነ ጉዳዩ ይጣራል።

በዚህ ረገድ መጥፎ አርአያ የሆኑ አሉ። ጤና ሚኒስቴር የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ሳያፍር የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሉት አይደናገጥም። የፋይዳ መታወቂያም የቆመው ህንድ ባንጋሎር ውስጥ በተጠነሰሰው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ፕላትፎርም ላይ ነው። የፕላትፎርሙ ኮድ የአንድ ሻጭ ንብረት ስላልሆነ፣ «ካልከፈላችሁኝ እዘጋባችኋለሁ» የሚል ድርጅት አይኖርም። እንዲህ ዓይነቱ ምርጫ በየዓመቱ ለፈቃድ ማደሻ የሚወጣውን ወጪና ለድርድር የሚደረገውን የውጭ አገር ጉዞ ስለሚያስቀር፣ እንዳይለመድ።

አንቀጽ 5፤ ከሻጭ ስለ መላቀቅ። የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ሊወስን ሲቃረብ፣ የማይክሮሶፍቱ አለቃ ስቲቭ ባልመር የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍቱን አቋርጦ ከንቲባውን ሊያግባባ ሄደ። አልቀናውም። ከተማዋ ዓመታት ፈጅታ 15,000 ገደማ ኮምፒውተሮችን አዛወረች። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከተማዋ ያስጠናችው ጥናት ችግሩ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የአደረጃጀት መሆኑን አመልክቶ ነበር፤ ሆኖም አደረጃጀትን ከመለወጥ ኮምፒውተርን መለወጥ እንደሚቀል በዚህ አዋጅ ተረጋግጧል።

አንቀጽ 6 በኮሚቴ እጅ ስለሚገኝ ታልፏል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ማስታወቂያና ስለ ሕዝብ ድምፅ። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ይፋዊ መግለጫውን በፌስቡክና በቴሌግራም ያወጣል። የራሱ ድረ ገጽ ቢኖረውም የመጨረሻው ዜና የሦስት ዓመት ዕድሜ ሊኖረው ይገባል። ፌስቡክና ቴሌግራም የሚዘጉበት ጊዜ ሲመጣም አሠራሩ አይቀየርም፤ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ እነዚሁ መድረኮች ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ጋር በኢትዮጵያ በተገደቡበት ወቅት ሕዝቡ በቪፒኤን ዞሮ መግባትን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ተምሯልና። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ፌስቡክን፣ ትዊተርን፣ ዋትስአፕንና ዙምን የሚተኩ መድረኮች እየሠራ መሆኑ መገለጹ አይዘነጋም። ዜናው በዚያው በፌስቡክም ተሰራጭቷል።

ሰነድ የሚጠየቅ ባለጉዳይ «መታወቂያህን በኢንቦክስ ላክ» ይባላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ይታወቃል፤ የመታወቂያው ፎቶ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከልደት ኬክና ከመልካም በዓል ካርድ ጋር አብሮ መቀመጡ ግን የሥራ ባልደረቦችን ስለሚያቀራርብ በነበረበት ይቀጥላል።

አስተያየት መጠየቅ አይከለከልም፤ ውጤቱን አለመጠቀም እስከተቻለ ድረስ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2016 ለዋልታ ምርምር መርከባቸው ስም አውጡ ብለው ሕዝቡን በኢንተርኔት ሲጠይቁ፣ ከ124,000 በላይ ድምፅ ያገኘው «ቦቲ ማክቦትፌስ» የሚል ቀልድ ሆነ። መርከቧ «ሰር ዴቪድ አተንቦሮ» ተባለች፤ ቀልዱ ለአንዲት ሰው አልባ ሰርጓጅ ተሰጠ። የአይስላንዱ ግን የበለጠ ያስቀናል። በ2011 እ.ኤ.አ. 25 አባላት ያሉት ጉባኤ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጅ የሥራውን ሂደት በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ እያደረገ፣ በፌስቡክም አስተያየት እየተቀበለ ነበር። በማግስቱ ዓመት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ረቂቁ መሠረት ይሁን አሉ። ፓርላማው ግን አላጸደቀውም። ፕላትፎርሙ ያለ እንከን ሠራ፣ ሕዝቡ ተሳተፈ፣ የተለወጠ ነገር የለም፤ የዚህ አዋጅ አርቃቂዎች ከዚህ የተሻለ ነገር አላዩም።

የታይዋን መንገድ ግን ክልክል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኡበር የተባለው የመኪና መጥሪያ መተግበሪያ ታክሲ ነጂዎችን ሲያስቆጣ ፖሊስ የተባለ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ዋለ። ስሙ እንጂ ሥራው የፖሊስ አይደለም፤ ሰዎች የቀረበውን ሐሳብ አንድ በአንድ እያዩ «እስማማለሁ»፣ «አልስማማም» ወይም «ይለፈኝ» ይላሉ። መልስ መጻፊያ ቦታ ስለሌለው ስድብ መግቢያ ያጣል፤ የተቃራኒ ወገኖች የሚገናኙባቸው ነጥቦችም ጎልተው ይወጣሉ። ይባስ ብሎ መንግሥት በእነዚያ ነጥቦች ተመርቶ ደንብ አወጣ! በኮሜንት መሰዳደብ የለመደ ዜጋ እንዲህ በድንገት መስማማት ቢጀምር ለጤናው ስለሚያሰጋ ሶፍትዌሩ ወደ አገር እንዳይገባ።

አንቀጽ 8፤ ቅጣት። በኮሜንት ለቀረበ ጥያቄ በሦስት ቀን ውስጥ ትክክለኛ መልስ የሰጠ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል ይመከራል፤ ደግሞ ከተገኘ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል። «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ግን የእርከን ጭማሪ ይገባዋል።

አንቀጽ 9፤ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። በየኮሪደሩ የተሰቀሉ የሐሳብ መስጫ ሣጥኖች ቁልፋቸው እስኪገኝ ባሉበት ይቆያሉ። የመሥሪያ ቤቱን የፌስቡክ ገጽ በግል አካውንቱ የከፈተው ልጅ ሥራ ለቆ ዱባይ የሄደ እንደሆነ፣ ሌላ አድሚን ስለሌለ፣ ከኃላፊነቱ እንዳልተነሳ ይቆጠራል። የበላይ ኃላፊው መግለጫ ማውጣት ሲፈልጉ በዋትስአፕ ደውለው ይለምኑታል። ይህ አዋጅም ልጁ ከፈረቃው ወጥቶ ከለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።